ፀሐይዋ በየት በኩል ናት? ስለ ባለቀለም መስታወት ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በሰንበት ትምህርት ቤታችን መጽሔት ላይ ስለ ቤተ ክርስቲያን ብርሃንና ስለ ባለቀለም መስታወት የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ላላነበበው ሰው ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናችን የጨለሙት አባቶቻችን መስታወት ስላልነበራቸው ነው፤ እግዚአብሔር ብርሃን ስለሆነ ብርሃን በበዛበት ቤት መንፈሳዊነቱም ይበዛል፤ በመስታወት ላይ የሚታይ እያንዳንዱ ቀለም የተወሰነ ምሥጢር አለው፤ የመስታወት ሥዕል ፊደል ላልቆጠረ ምእመን መጽሐፍ ቅዱሱ ነው፤ ስለዚህ የደብራችን መስኮቶች በሙሉ እንደ አዲስ አበባው ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ባለቀለም ይደረጉ፣ ገንዘብ ካጠረም በስቲከር ይሸፈኑ።

እኔ እዚህ ጅማ 22 ዓመት መስታወት ስቆርጥ የኖርሁ ሰው ነኝ። የጸሐፊው ሐሳብ ቢሰማ ሥራው ወደ እኔ ወይም ወደ ጎረቤቶቼ ሱቅ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ባለቤቴ ይህን ስጽፍ አይታ «በገዛ እጅህ እንጀራህን ትረግጣለህ?» ብላኛለች። እንጀራ የሚረገጥ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ጸሐፊው ያን ሁሉ ገጽ ስለ ብርሃን ሲጽፉ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትመጣ አንድ ጊዜ እንኳ አላነሡም። የእኔ ጠብ ከዚያ ይጀምራል።

«አባቶቻችን መስታወት ስላልነበራቸው ነው» ከሚለው ልነሣ። ላሊበላ ላይ ቤተ ጊዮርጊስን ከአንድ ወጥ ዐለት ከ10 ሜትር በላይ ወደ ታች ፈልፍሎ ያወጣ እጅ መስኮቱን በአንድ ክንድ ማስፋት አቅቶት ነበር ማለት ያስቸግራል። ሰፊ ቀዳዳ ለመተው መስታወት አያስፈልግም፤ እንዲያውም ከዐለት ላይ ሰፊ መስኮት ማውጣት ጠባቡን አስጊጦ ከማውጣት ይቀልላል። ቤተ ማርያም ስንደርስ መስኮቶቹ በልዩ ልዩ መስቀል ቅርጽ የተፈለፈሉ ናቸው። ጠራቢው ብርሃኑን እንደ ልቡ አልለቀቀውም፤ በመስቀል አምሳል ቆርሶ ነው ያስገባው። በላሊበላ አካባቢ ያለው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ጭራሽ ዋሻ ውስጥ ታንጾ፣ መስኮቶቹ በፍርግርግ ተዘግተዋል። ዋሻው ያስቀረውን ብርሃን ፍርግርጉ እንደገና ያጠልለዋል። ይህ የድህነት ሥራ አይመስልም።

ነገሩ ከእነርሱም ይርቃል። ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲሠራ በዓይነ ርግብ፣ ማለትም በፍርግርግ፣ የተዘጉ መስኮቶች እንዳደረገ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 6 ቁጥር 4 ላይ ተጽፏል። ያ ንጉሥ ለቤቱ ወርቅ እንደ ልስን የተጠቀመ ነው፤ ለሰፊ መስኮት አንሶት አይደለም። ቤቱን ሲቀድስ ደግሞ፣ በምዕራፍ 8 ቁጥር 12፣ እግዚአብሔር በጨለማ ውስጥ እኖራለሁ እንዳለ ያስታውሳል። ሙሴም በሲና ሕዝቡ ርቆ ሲቆም እርሱ እግዚአብሔር ወዳለበት ጨለማ ነው የቀረበው።

ለጸሐፊው አንድ ነገር መልቀቅ አለብኝ። በጭቃና በእንጨት የተሠሩት የገጠር አብያተ ክርስቲያናት መስኮታቸው ያነሰው በከፊል ግድግዳው ስለማይችል፣ በከፊልም ነፋስ ጧፉን እንዳያጠፋው ነው። ያን ብቻ ብለው ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር።

የቤታችንን አሠራር ግን አስተውሉት። ከዐውደ ምሕረቱ ወደ ቅኔ ማኅሌት፣ ከቅኔ ማኅሌት ወደ ቅድስት፣ ከቅድስት ወደ መቅደስ በተሄደ ቁጥር ብርሃኑ ይቀንሳል፤ በመጨረሻ መጋረጃ ይጋረዳል። የቀትር ፀሐይ ዓይኑን ያቃጠለው ሰው ጫማውን አውልቆ ሲገባ መጀመሪያ ምንም አይታየውም። በግድ ይቆማል። ቀጥሎ የጸናጽሉ ብረት ብልጭ ይልለታል፤ ከዚያ የነጠላው ንጣት፤ ከዚያ ከግድግዳው ላይ የቅዱሳኑ ትልልቅ ዓይኖች አንድ በአንድ ይወጣሉ። ፊታቸው ሳይታይ ዓይናቸው ይቀድማል። ይህን ያደረገው ሰው መስታወት አጥቶ ነው ብሎ መጻፍ ለእኔ ይከብደኛል።

ሁለተኛው ነጥብ ብርሃን በበዛ ቁጥር መንፈሳዊነትም ይበዛል የሚለው ነው። ጸሐፊው ለዚህ «እግዚአብሔር ብርሃን ነው» የሚለውን የዮሐንስ መልእክትና «ብርሃን ዘእምብርሃን» የሚለውን የሃይማኖት ጸሎታችንን ጠቅሰዋል። ቃሉ እውነት ነው፤ ግን ስለ ወልድ የተነገረውን ወደ መስኮት ስፋት ማውረድ ደግ አይደለም። ያው መጽሐፍ በጢሞቴዎስ መልእክት ሊቀረብ በማይቻል ብርሃን ይኖራል ይላል። በታኅሣሥ፣ ከልደት አስቀድሞ፣ «ብርሃን» የሚባል ሰንበት አለን፤ ምስባኩም «ፈኑ ብርሃነከ ወጽድቀከ» ነው፤ ብርሃንህንና እውነትህን ላክ። የሚላክ ነገር የሚለመነው እጅ ላይ በሌለበት ጊዜ ነው። ያን ምስባክ በጠራራ አምፖል ሥር ቆሞ መስማትና ጧፍ ይዞ መስማት አንድ አይደለም።

ጸሐፊው በምሳሌነት ወደ ፈረንጅ አገር ስለሄዱ እኔም ልከተላቸው። ሱዤ የተባለው የገዳም አለቃ ፓሪስ አጠገብ ያለውን የሳን ዴኒ ቤተ ክርስቲያን ምሥራቃዊ ክፍል አሳንጾ እ.ኤ.አ. በ1144 ሲያስመርቅ፣ ደካማ አእምሮ በሚዳሰስ ነገር አማካይነት ወደ እውነት ከፍ ይላል የሚል ሐሳብ በሩ ላይ አስጽፎ ነበር። መስኮቶቹን አሰፋ፤ እውነት ነው። ነገር ግን በሰፊው መስኮት ላይ የገጠመው ጥቁር ሰማያዊና ደም የመሰለ ቀይ መስታወት ነበር። መስኮቱ ሰፋ፤ ብርሃኑ ግን ተጣርቶ፣ ከብዶ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1194 ከተቃጠለ በኋላ እንደገና የተሠራው የሻርትር ካቴድራልም በሰማያዊ መስታወቱ የታወቀ፣ ውስጡ ግን ድንግዝግዝ ያለ ቤት ነው። ብርሃን አብዝተው የፈለጉት ሌሎች ነበሩ። ሲስተርሲያን የሚባሉት መነኮሳት በዚያው በ12ኛው መቶ ዓመት መስኮታችን ነጭ ይሁን፣ መስቀልና ሥዕልም አይኑርበት ብለው ደንብ አወጡ። ስለዚህ ጸሐፊው ሁለት ባላጋራዎችን በአንድ ገበታ አስቀምጠዋል፤ ባለቀለም መስታወት የሚፈልግ ሰው ብዙ ብርሃን አያገኝም፣ ብዙ ብርሃን የሚፈልግ ሰው ደግሞ ባለቀለም መስታወት አያስገጥምም።

ይህን ማንም ሰው ፈረንሳይ ሳይሄድ ሊያየው ይችላል። ባለቀለም መስታወት የሚያበራው ውስጡ ከውጩ ሲጨልም ብቻ ነው። ቀን ላይ ከውጭ ሆናችሁ ብታዩት ጥቁር ነው፤ ማታ ውስጥ አምፖል አብርታችሁ ከውስጥ ብታዩትም ጥቁር ነው። በቀን ውስጡ በኤሌክትሪክ ከተጥለቀለቀ ደግሞ ይደበዝዛል፣ እንደ ቆሸሸ ፕላስቲክ ይሆናል። የእኛ ደብር በአሁኑ ሰዓት ነጭ ዘንግ መብራቶች አሉት፤ በሥዕሎቹ ዙሪያም ብልጭ ድርግም የሚሉ ባለቀለም አምፖሎች ተጠምጥመዋል። እነዚህን ሳይነኩ መስታወት ላስገባ ማለት ወጥ ላይ ስኳር ነስንሶ ጣፈጠ ብሎ እንደ መጠየቅ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ፣ የቀለም ምሥጢር። ጸሐፊው ሰማያዊ ሰማይ፣ ቀይ ሰማዕትነት፣ አረንጓዴ ተስፋ፣ ቢጫ ክብር ብለው ሠንጠረዥ አውጥተዋል። ሠንጠረዡ ያምራል፤ ግን መስታወት ሠሪዎቹ ቀለም የሚመርጡት መጀመሪያ ከምድጃቸው ነበር። ሰማያዊው ከኮባልት፣ ሐምራዊው ከማንጋኒዝ፣ ቀዩ ከመዳብ ይገኝ ነበር። የመዳቡ ቀይ በጣም ከመክበዱ የተነሣ አንድ ሙሉ መስታወት በእርሱ ከተሠራ ብርሃን አያሳልፍም፤ ስለዚህ በነጭ መስታወት ላይ በስሱ እንደ ሽፋን ይጋገር ነበር። በብር ውህድ መስታወት ላይ ቢጫ የማውጣት ዘዴ የተስፋፋው ደግሞ በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው። ቢጫ ክብር ነው ከተባለ፣ ዘዴው ከተስፋፋ በኋላ የቅዱሳኑ ክብር ጨመረ ልንል ነው? በአንድ መስኮት ላይ ቀይ ልብስ ጻድቁም ገዳዩም ሊለብሰው ይችላል።

የእኛ ሠዓሊዎች የራሳቸው ምልክት አላቸው፤ ከቀለም ይልቅ በዓይን ነው የሚናገሩት። ደጋጎቹ ሁለት ዓይናቸው ይታያል፤ ይሁዳና ሰይጣን፣ ሰቃልያኑም ፊታቸው በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይን ብቻ ይኖራቸዋል። አያቴ ሥዕል ፊት አቁማኝ «አንድ ዓይናውን አትሳም» ትለኝ ነበር። ምሥጢር ከተፈለገ ይህን ይዘን ብንጀምር ከውጭ የመጣ ሠንጠረዥ አያስፈልገንም። ስለ ቀለማት አብሮ መውጣት ከሆነም፣ አማርኛችን ቀስተ ደመናን የማርያም መቀነት ብሎታል። ከኖኅ ኪዳን ጀምሮ ስንቱን ነገር በአንድ መቀነት ያሰረ ስም ነው፤ ስሙ ግን ቀለሙን ለያይቶ ይህ እንዲህ ማለት ነው አይልም።

የመስታወት ሥዕል ፊደል ላልቆጠረ መጽሐፍ ቅዱስ ነው የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። በፓሪስ ያለው ሳንት ሻፔል እ.ኤ.አ. በ1248 የተቀደሰ ሲሆን፣ በ15 መስኮቶቹ ላይ 1,113 ትዕይንቶች አሉበት፤ አብዛኛው ከሰው ቁመት እጅግ በላይ ነው። ያን አንገቱን ቀና አድርጎ ያለ አስረጂ የሚያነብ ማይም ካለ ከእኔም ከጸሐፊውም ይበልጣል። ንባብ የሚሆነው የእኛው ነው፤ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ በዓይን ትክክል ተሥሎ፣ ዲያቆኑ በጣቱ እያመለከተ ለልጆች የሚተርከው። የመስታወቱ ነገር ሌላ ነው። ሰው ያን አያነበውም፤ ውስጡ ይቆምበታል።

በአንድ ነገር ጽሑፉን ወድጄዋለሁ። ፀሐይ መስታወቱን ሳይሰብር እንደሚያልፍ ጌታም ከድንግል ማኅተመ ድንግልናዋ ሳይለወጥ ተወለደ የሚለውን ምሳሌ ጠቅሰው «የፈረንጅ ቢሆንም» ብለው እንደ ማፈር ብለዋል። አይፈሩ። ሕዝቅኤል ያየው የተዘጋው በር፣ ሙሴ ያየው እሳት ነድዶባት ያልተቃጠለችው ቁጥቋጦ በየሳምንቱ በውዳሴ ማርያም የምንለው ነው፤ መስታወቱ ከእነዚህ ጋር የማይጣላ ዘመድ ነው። እሑድ እሑድ «ተቅዋም ዘወርቅ» እያልን የብርሃን ማኅቶት የተሸከመች የወርቅ መቅረዝ እንላታለን። ደግሞስ ባለቀለም መስታወት የፈረንጅ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? በሰንዓ ቤቶች ላይ በጄሶ ውስጥ ባለቀለም መስታወት የተደረደረባቸው ቀመሪያ የሚባሉ መስኮቶች አሉ፤ ስሙም ከጨረቃ የመጣ ነው። በጄሶና በቀለም የተሠሩ መስኮቶች በግብፅ እኅት ቤተ ክርስቲያናችንም ይታያሉ። በአገራችንም አፈወርቅ ተክሌ ለአፍሪካ አዳራሽ የሠራው 150 ሜትር ካሬ የሚሸፍን የመስታወት ሥራ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ ቆሟል። እንግድነቱ አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ ስቲከሩ ነው።

በ2009 ዓ.ም. ከጅማ ወጣ ያለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ስቲከር አስለጠፉኝ። ቅዱስ ሚካኤል ሰማያዊ ደመና ላይ ቆሞ፣ በ4 ሚሊ መስታወት ላይ። በዕለቱ አምሮ ነበር፤ እኔም ፎቶ አንሥቼ ሱቄ ውስጥ ሰቅዬዋለሁ። ሁለት ክረምት አለፈ። የእኛ አገር ዝናብ ከሌላው ቀድሞ መጥቶ ዘግይቶ የሚሄድ ነው፤ እርጥበቱ በመስታወቱና በስቱኮው መካከል ገብቶ ፊልሙን ከጠርዝ ጀምሮ አነሣው። በበጋ ደግሞ ፀሐይዋ ሰማያዊውን ወደ ግራጫ፣ ቀዩን ወደ ሮዝ አወረደችው። ለሌላ ሥራ ስመለስ የመልአኩ ጉንጭ ፊኛ አውጥቶ ከንፈሩ ተቀድዶ ነበር። አንዲት እማሆይ በመቋሚያቸው እያመለከቱ «ልጄ፣ መልአኩን ምን ነካው? ኩፍኝ ይዞት ነው?» አሉኝ። ሳቅ አልመጣልኝም። ፎቶውን ከሱቄ አወረድሁት፤ በሦስተኛው ቀን በምላጭና በሙቅ ውኃ ስቲከሩን ራሴ ፋቅሁት፤ ክፍያም አልጠየቅሁም።

በእውነተኛው ባለቀለም መስታወት ቀለሙ በመስታወቱ አካል ውስጥ ነው፤ አይላጥም። የውፍረቱ አለመስተካከል፣ በውስጡ ያሉት ትንንሽ አረፋዎች ብርሃኑን ያንቀጠቅጡታል። ስቲከር እንደ ጃንጥላ ጨርቅ አንድ ወጥ ነው። የስቲከሩ ዋጋ ከመስታወቱ ዐሥር አንድ ነው ያሉት ልክ ነው፤ በየሦስት ዓመቱ ሲባዛ ግን ጸሐፊው ራሳቸው ያስሉት።

አሁን ወደ ፀሐይዋ። የሻርትር ካቴድራል ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 48 ዲግሪ ላይ ነው፤ ጅማ ግን ከ8 ዲግሪ ታንሳለች። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት በመጋቢት ሰሞን የቀትር ፀሐይ እኛ ጋ ከአድማስ 82 ዲግሪ ገደማ ትወጣለች፣ አናት ላይ ናት ማለት ነው፤ እነርሱ ጋ ከ42 እምብዛም አታልፍም። በታኅሣሥማ እዚያ 18 ዲግሪ ገደማ ላይ ቀርታ፣ በደቡቡ መስኮት ዘልቃ ገብታ ወለሉ ላይ ትተኛለች። የእኛዋ የምትመታው ቆርቆሮውን ነው።

በዚያ ላይ ክፈፍ አለ። ለዝናቡ ሲባል የደብራችን ጣሪያ ከግድግዳው አንድ ሜትር ወጥቷል። ባለፈው መጋቢት ሜትር ይዤ ለካሁ፤ የመስኮቱ ራስ ከክፈፉ 40 ሳንቲም ዝቅ ብሎ ይጀምራል፣ ቁመቱ 140 ነው። በዚህ አሠራር በመጋቢት ሰሞን ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ተኩል አካባቢ አንድም የፀሐይ ጨረር የትኛውንም መስኮት አይነካም። በደቡብና በሰሜን በኩል ያሉት ስምንት መስኮቶች ቢቀለሙ በአብዛኛው የሚያገኙት ከሰማይ ተንጸባርቆ የሚመጣ ለስላሳ ብርሃን ነው፤ በክረምት ደመና ደግሞ እርሱም ይቀንሳል። ያን ጊዜ ምእመናን ቅዳሴ መጽሐፋቸውን ማንበብ ያቅታቸዋል፤ አምፖል ይበራል፤ አምፖል ሲበራ መስታወቱ ይሞታል። ጸሐፊው የጠሩት የሥላሴ ካቴድራል ረጅም የድንጋይ አዳራሽ ነው፣ መስኮቶቹም ከፍ ያሉ ናቸው፤ የእኛ ቤት ክፈፉን እንደ ባርኔጣ የደፋ ስምንት ማዕዘን ነው።

የምሥራቆቹ መስኮቶች ጠዋት ፀሐይ ይሞላቸዋል፤ ግን ብርሃኑ የሚያርፈው በመቅደሱ ጀርባ፣ ሰው እምብዛም በማይቆምበት ቦታ ነው። የቀሩት ከምዕራቡ በር ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ናቸው።

በዐቢይ ጾም ቅዳሴው ቀን ገብቶ 9 ሰዓት አካባቢ ይወጣል። መጋቢት ላይ በለካሁበት ቀን 9 ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ ከክፈፉ በታች ወርዳ የምዕራቡን መስኮት የታችኛውን ሲሶ ያዘች። 10 ሰዓት ላይ ሁለት ሦስተኛው በራ። መስኮቱ ተራ ነጭ መስታወት ነው፤ ቢሆንም የዕጣኑ ጢስ እንደ ጨርቅ በጨረሩ ውስጥ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ይታይ ነበር። በኪሴ ከሱቅ የያዝሁት መዳፍ የሚያህል ቀይ ቁራጭ መስታወት ነበረኝ፤ አውጥቼ ጨረሩ ፊት ያዝሁት። በቅኔ ማኅሌት የቆሙት አንድ ደብተራ ነጭ ጋቢያቸው ላይ፣ ትከሻቸው አጠገብ፣ ቀይ ነጠብጣብ አረፈ። ዞር አሉና አዩት፤ እጃቸውን ዘርግተው በመዳፋቸው ተቀበሉት፤ ከዚያ ምንም ሳይሉ ወደ መጽሐፋቸው ተመለሱ።

ስለዚህ ተቃውሜ ብቻ አልቀርም። መስኮቶቹን ሁሉ በስቲከር ከመሸፈን፣ ከምዕራቡ ሁለት አንዱ በእውነተኛ ባለቀለም መስታወት ይሠራ። ሥዕል አይኑርበት፤ ሥዕሉ ግድግዳው ላይ አለ። ቀለሙ ጥቂት ይሁን፣ መሪዎቹ አባቶች ይምረጡት። ከውስጥ ያሉት ነጫጭ ዘንጎች በቅዳሴ ሰዓት ይጥፉ። ጉልበቴን በነጻ እሰጣለሁ፣ የመስታወቱን ዋጋ ደግሞ ከስቲከሩ ጋር አስተያይቼ ለሰበካ ጉባኤው በጽሑፍ አቀርባለሁ።

አንድ እንቅፋት ብቻ አለ። በግራው መስኮት ላይ ትልቅ ድምፅ ማጉያ በሽቦ ታስሯል፣ በቀኙ ደግሞ የኤሌክትሪክ ቆጣሪው ሳጥን ተገጥሟል። ጸሐፊው የሰንበት ትምህርት ቤቱ የድምፅ ክፍል አባል እንደ ሆኑ ስለሰማሁ፣ ማጉያውን ለማውረድ መሰላሉን ማን እንደሚይዝ አስቀድመን ብንነጋገር ጥሩ ነው።